ክለቦች ያሳደጉትን ተጫዋች ማቆየት ለምን ከበዳቸው?

የቦስተን ሴልቲክስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ዳላስ ማቨሪክስን 4 ለ 1 ረትቶ 18ኛውን የኤንቢኤ ዋንጫ ወሰደ። የቀጣዩ ዓመት ክረምት ሲመጣ ግን ቡድኑ ተበትኗል። ጅሩ ሆሊዴይ ወደ ፖርትላንድ፣ ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ ወደ አትላንታ ተዛወሩ። ሉክ ኮርኔት ሳን አንቶኒዮ ገባ፤ አንጋፋው አል ሆርፎርድ ደግሞ ለጎልደን ስቴት ፈረመ። መጫወት አቅቶት የተሸኘ አንድም የለም። ክለቡም ገንዘብ አላጣም፤ በዚያው በ2025 በ6.1 ቢሊዮን ዶላር እንዲሸጥ ስምምነት የተደረሰበት ክለብ ነው።

በግንቦት ወር የጄሰን ቴተም የአኪለስ ጅማት መበጠሱ ውሳኔውን አፋጥኖት ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ከጉዳቱ በፊት የተጻፈ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ጋዜጠኞች እንዳሰሉት፣ ቡድኑ እንዳለ ቢቀጥል የ2025-26 ወጪው ደመወዝና የቅንጦት ግብር ተደምሮ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይደርስ ነበር። ከዚህም የሚብሰው፣ ሊጉ “ሁለተኛው አፕሮን” የሚለውን የወጪ መስመር ያለፈ ክለብ እጁ ታስሮ መቀመጡ ነው። ሴልቲክስ ከዚያ መስመር በታች ለመውረድ ሲል የሻምፒዮኑን ቡድን ግማሽ አካል ቆርጦ ጣለ።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ክለቡ ቦስተን በመሆኑ ነው። በኤንቢኤ የደመወዝ ጣሪያ ታሪክ ውስጥ በጣም የታወቀው ደንብ የተሰየመው በዚሁ ክለብ ተጫዋች በላሪ በርድ ነው። ደንቡ የሚለው ቀላል ነገር ነው፤ አንድ ክለብ ጣሪያውን ቢያልፍም የራሱን ተጫዋች በድጋሚ ማስፈረም ይችላል። ከሌላ ክለብ የሚያመጣው ተጫዋች ላይ ጣሪያው ይይዘዋል፤ ቤቱ የነበረውን ልጅ ግን ጣሪያ አለብህ ተብሎ አይነጠቅም። ለዓመታት የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ደጋፊ የሚወደውን ተጫዋች በአንድ ማልያ እስከ መጨረሻው እንዲያይ ካስቻሉት ነገሮች አንዱ ይህ መርህ ነበር። ደንቡ ዛሬም በወረቀት ላይ አለ። ጉልበቱን ያጣው እ.ኤ.አ. በ2023 በተፈረመው የጋራ ስምምነት ነው።

ጣሪያው ራሱ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። በ1983 ሊጉና የተጫዋቾች ማህበር ሲደራደሩ በርካታ ክለቦች በኪሳራ አፋፍ ላይ ነበሩ። ተጫዋቾቹ የወጪ ገደብን ተቀበሉ፤ በምላሹ ከሊጉ ገቢ 53 በመቶው የእነሱ እንዲሆን አስወሰኑ። በ1984-85 የውድድር ዘመን የመጀመሪያው ጣሪያ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በ2025-26 ቁጥሩ 154.647 ሚሊዮን ደርሷል። የተጫዋቾች ድርሻ ዛሬ ከገቢው ግማሽ ገደማ ነው። ከእያንዳንዱ ደመወዝ 10 በመቶ ተይዞ ይቆያል፤ የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ የተጫዋቾች ድርሻ ከስምምነቱ በልጦ ከተገኘ ትርፉ ከዚያ ይወሰዳል። ስለዚህ ጣሪያው ባለሀብቶች በተጫዋች ላይ የጫኑት ገደብ ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ትክክል አይመስለኝም። ለተጫዋቾች በጅምላ የገቢያቸው ዋስትናም ነው። ጥያቄው ያ የተረጋገጠ ገንዘብ በመካከላቸው እንዴት ይከፋፈላል፣ ስጋቱንስ ማን ይሸከማል የሚለው ነው። ይህን የሚወስኑት የውል አንቀጾች ናቸው።

በእኛም አገር ነሐሴ 2011 ዓ.ም. የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ መወሰናቸውን አንባቢ ያስታውሳል። ያ ጣሪያ የተጣለው በግለሰቡ ላይ ነበር። የኤንቢኤው ዋና ጣሪያ ከሊጉ ገቢ ተሰልቶ የሚጣለው በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ሲሆን፣ ቁጥሩ የሚወጣበትን ቀመር ተጫዋቾቹ በማህበራቸው በኩል ተደራድረው የፈረሙበት ነው። ሁለቱ በስም ይመሳሰሉ እንጂ በሥራቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው።

በአሜሪካም ቢሆን በግለሰብ ላይ ገደብ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1997-98 ማይክል ጆርዳን 33.14 ሚሊዮን ዶላር ሲከፈለው የአንድ ክለብ ጣሪያ 26.9 ሚሊዮን ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ከጠቅላላው ጣሪያ በላይ ማለት ነው፤ ይህን ያስቻለው የበርድ ደንብ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቡድን፣ ከጆርዳን ቀጥሎ ትልቁ ተጫዋች የነበረው ስኮቲ ፒፐን የተከፈለው 2.775 ሚሊዮን ነበር። ፒፐን በ1991 የአምስት ዓመት ማራዘሚያ በ18 ሚሊዮን ዶላር ፈርሞ ነበር። ያደገው በድህነት ነው፤ አባቱና ወንድሙ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበሩ። ጉዳት ደርሶበት ባዶ እጁን ከመቅረት የተረጋገጠውን ገንዘብ መረጠ። የሊጉ ገቢ በየዓመቱ ሲያብጥ እሱ በ1991 ዋጋ ሲጫወት ኖረ። ሞኝ ነበር የሚሉትን አልስማማቸውም። ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ረጅም ውል መድን ነው፤ የመድን ዋጋ ደግሞ ይከፈላል። የፒፐን ጥፋት፣ ጥፋት ከተባለ፣ ዘመኑን የጠበቀ መውጫ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አለማስገባቱ ነው።

የጆርዳን የመጨረሻ የቺካጎ ዓመት ሊጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የ21 ዓመቱ ኬቨን ጋርኔት ከሚኒሶታ ጋር ለስድስት ዓመት 126 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ባለቤቶቹ ደነገጡ፤ በ1998 በሩን ዘጉ፤ የውድድር ዘመኑ ወደ 50 ጨዋታ አጠረ። ከዚያ ድርድር የወጣው በግለሰብ ላይ የሚጣል ከፍተኛ የደመወዝ ገደብ ነው። ዛሬ ይህ ገደብ በአገልግሎት ዘመን ይለካል፤ እስከ 6 ዓመት ያገለገለ ከጣሪያው 25 በመቶ፣ ከ7 እስከ 9 ዓመት ያገለገለ 30 በመቶ፣ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ 35 በመቶ። ከ2017 ወዲህ ትልልቅ ሽልማቶችን ያሸነፈ ተጫዋች ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ዓመቱን ሲጀምር 35 በመቶውን ቀድሞ የሚያስገኝ ውል መፈረም ይችላል። ቅድመ ሁኔታው በጀማሪዎች ምርጫ (ድራፍት) ከመረጠው ክለብ፣ ወይም በመጀመሪያው ውሉ ዘመን ከተዛወረበት ክለብ ጋር መቆየቱ ነው።

ሉካ ዶንቺች በየካቲት 2025 በአንድ ሌሊት ከዳላስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሲዛወር ያጣው አንዱ ነገር ይኸው ነበር። በዳላስ ቢቆይ በዚያው ክረምት ለአምስት ዓመት 345 ሚሊዮን ዶላር ሊፈርም ይችል ነበር። ዝውውሩን አልጠየቀም፤ መብቱ ግን በዝውውሩ ጠፋ። በነሐሴ ወር ከሌከርስ ጋር የፈረመው የሦስት ዓመት ማራዘሚያ 165 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በ2028 የመውጣት መብትም አለው። ዶንቺች በ2018 የተመረጠ በመሆኑ በ2028 አስር ዓመት ይሞላዋል፤ 35 በመቶው የሚፈቀድለት ያኔ ነው። የውሉን ርዝመት የወሰነው የአገልግሎት ሰንጠረዡ ነው።

የኒው ዮርክ ኒክሱ ጄለን ብራንሰንም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በሐምሌ 2024 ለአራት ዓመት 156.5 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ብዙዎች 113 ሚሊዮን ዶላር ትቶ ለክለቡ ሲል ራሱን ጎዳ አሉ፤ አንድ ዓመት ቢጠብቅ ለአምስት ዓመት 269 ሚሊዮን ያገኝ ነበርና። ውሉን ቀርቦ ላየው ግን ነገሩ ከዚያ የተሻለ ነው። የመጨረሻው ዓመት ምርጫ የእሱ ነው። በ2018 የተመረጠ ስለሆነ በ2028 ወጥቶ በ35 በመቶው ሊፈርም ይችላል። እስከዚያ ያለው ቅናሽ ኒክስ ካርል አንተኒ ታውንስን፣ ኦጂ አኑኖቢንና ሚካል ብሪጅስን አብሮ እንዲይዝ ረድቶታል፤ ክለቡም በ2025 ከ25 ዓመት በኋላ የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ላይ ደረሰ። ብራንሰንን አደንቀዋለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነሳ ማለፍ የለበትም፤ ቅናሹ በሕግ አስገዳጅ ባይሆንም አዲሱ ደንብ በደጋፊና በጋዜጣ በኩል በእያንዳንዱ ኮከብ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። ሙሉ መብቱን የጠየቀ ተጫዋች ስግብግብ ይባላል። የክለቡ ባለቤት ግን ከክለቡ ዋጋ ቅናሽ ያድርግ ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።

የጊዜ ጉዳይ ከገንዘቡ መጠን በላይ የሊጉን ታሪክ እንደሚቀይር ከሁሉ በላይ ያሳየው የ2016 ክረምት ነው። የዘጠኝ ዓመት የ24 ቢሊዮን ዶላር የቴሌቪዥን ውል ሥራ ላይ ሲውል ጣሪያው በአንድ ዓመት ከ70 ሚሊዮን ወደ 94.1 ሚሊዮን ዘለለ። ሊጉ ጭማሪውን በየዓመቱ ቀስ በቀስ እናምጣው ብሎ ነበር፤ የተጫዋቾች ማህበር አልተቀበለም። የማህበሩ ጥርጣሬ ይገባኛል፤ በእጅ ያለን ገንዘብ ለነገ ማሳደር ሁልጊዜ ተከፋዩን ይጎዳል። ውጤቱ ግን 73 ጨዋታ ያሸነፈው ጎልደን ስቴት ኬቨን ዱራንትን የሚያስፈርምበት ባዶ ቦታ ማግኘቱ ሆነ። በዚያ ላይ ስቴፈን ከሪ በ2012 ቁርጭምጭሚቱ እየተጎዳ በነበረበት ወቅት የፈረመው የአራት ዓመት የ44 ሚሊዮን ዶላር ውል ገና አላለቀም ነበር፤ የሊጉ የሁለት ጊዜ ኮከብ በ2016-17 የተከፈለው 12.1 ሚሊዮን ነው። የፒፐን ታሪክ በሌላ መልክ ተደገመ። ያ ሁሉ ኮከብ በአንድ ቡድን መሰብሰቡ ሌሎቹን ክለቦች ለዓመታት አስቆጣ። ዛሬ ጣሪያው በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ የተደረገው፣ ሁለተኛው አፕሮን የሚባለው መስመርም የተሰመረው፣ ከዚያ ቁጣ የተነሳ ይመስለኛል።

ወደ አንቀጾቹ እንመለስ። ከሁሉም በላይ ዝምድናን የሚያበላሸው የመጨረሻውን ዓመት ማን ይወስን የሚለው ነው። ሌብሮን ጄምስ በ2014 ወደ ክሊቭላንድ ሲመለስ ሆን ብሎ አጭር ውል፣ በራሱ ምርጫ የሚቋረጥ፣ ፈረመ፤ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ሲመጣ ነፃ ሆኖ እንዲያገኘው ነው። በዚያው ክሊቭላንድ ከዚያ አስር ዓመት ቀደም ብሎ ምርጫው በክለቡ እጅ የነበረ ተጫዋች ነበር፤ ካርሎስ ቡዘር። በሁለተኛው ዙር ስለተመረጠ ቀጣዩ ዓመት ደመወዙ ከ700 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ክለቡ በስድስት ዓመት 41 ሚሊዮን ሊያስፈርመው አስቦ ምርጫውን ሳይጠቀምበት ለቀቀው። ቡዘር ከዩታ 68 ሚሊዮን ቀረበለትና ሄደ። ክሊቭላንድ ተክደናል አለ፤ ቡዘር ቃል አልሰጠሁም አለ። የሚገርመው ክለቡ ዋጋውን ማመሳሰል ቢፈልግም አለመቻሉ ነው። ቡዘር በክለቡ የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ስለነበር የበርድ ደንብ ሙሉ መብት አልሰጠውም፤ በጣሪያው ሥርም ባዶ ቦታ አልነበረም።

የአፍም ሆነ የጽሑፍ ምስጢራዊ ስምምነት በሊጉ ደንብ የተከለከለ ነው። የሚኒሶታ ቲምበርዎልቭስ ከጆ ስሚዝ ጋር ለተከታታይ ዓመታት በርካሽ ይጫወትና የበርድ መብት ሲሟላ እስከ 86 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለዋል የሚል ምስጢራዊ ሰነድ ተፈራርሞ ነበር። በ2000 ነገሩ የተጋለጠው በሁለት ወኪሎች የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ኮሚሽነር ዴቪድ ስተርን ውሉን ሰረዙ፤ ክለቡን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጡ፤ አምስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹንም ወሰዱበት፤ በኋላ ቅጣቱ በከፊል ቀለለት። ጭካኔ ነው የተባለ ቅጣት ነበር። እኔ ግን ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ሁሉም የሚያየው የደመወዝ ሰንጠረዥ ከሌለ ጣሪያው የሚይዘው ሐቀኛውን ክለብ ብቻ ነው።

ሌላው ከባድ አንቀጽ ያለ ፈቃዴ አልዛወርም የሚለው ነው። ይህን ለመጠየቅ በሊጉ ስምንት ዓመት፣ በክለቡ ደግሞ አራት ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ብራድሊ ቢል በ2022 ከዋሽንግተን ጋር የአምስት ዓመት የ251 ሚሊዮን ውል ሲፈርም ይህን አስገባ። በ2023 ፊኒክስ ሲወስደው አንቀጹ አብሮት ሄደ። በ2024-25 ፊኒክስ ለደመወዝና ለግብር ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ 36 አሸንፎ 46 ተሸነፈ፤ የፕሌይኦፍ ቦታም አላገኘም። ጂሚ በትለርን ለማምጣት ሲሞከር የቢል ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ እሱም አልፈቀደም። ብዙ ተወቀሰ። ለምን እንደሚወቀስ አይገባኝም፤ ውሉ ላይ የሰፈረ፣ ክለቡ አይቶ የተረከበው መብት ነው። በመጨረሻ በሐምሌ 2025 ቢል 13.9 ሚሊዮን ትቶ ነፃ ወጣ፤ ፊኒክስ ቀሪውን በአምስት ዓመት ከፋፍሎ በየዓመቱ 19.4 ሚሊዮን ዶላር ለማይጫወትለት ሰው በሂሳቡ ላይ ተሸክሟል።

ይህ ቀሪ ዕዳን የማርዘም ደንብ በቀሩት ዓመታት እጥፍ ላይ አንድ ዓመት ጨምሮ ክፍያውን ያሰራጫል። በዚያው ወር ሚልዋኪ በአኪለስ ጉዳት የተኛውን ዴሚየን ሊላርድን በዚህ መንገድ አሰናበተ፤ ወደ 113 ሚሊዮን የሚጠጋውን ቀሪ ክፍያ በየዓመቱ 22.5 ሚሊዮን አድርጎ ለአምስት ዓመት ዘረጋውና በተለቀቀው ቦታ ማይልስ ተርነርን አስፈረመ። ሊላርድ ገንዘቡን ሳያጣ ወደ ቀድሞ ክለቡ ፖርትላንድ በሦስት ዓመት 42 ሚሊዮን ተመለሰ፤ ያለ ፈቃዴ አልዛወርም የሚለውንም አንቀጽ አስገባ። የተረጋገጠ ክፍያ ማለት ይህ ነው። የ34 ዓመት ተጫዋች ጅማቱ ሲበጠስ ስጋቱን የተሸከመው ክለቡ ሆነ።

ስጋቱን ወደ ተጫዋቹ የሚመልሱ አንቀጾችም አሉ። መደበኛው ውል ሞተር ብስክሌት መንዳትንና መሰል አደገኛ ነገሮችን ይከለክላል። የቺካጎው ጄይ ዊሊያምስ በ2003 በሞተር ብስክሌት አደጋ ሥራው ሲያከትም ክለቡ ምንም ያለመክፈል መብት ነበረው፤ ሆኖም 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አሰናበተው። የሌከርሱ ቭላዲሚር ራድማኖቪች በ2007 በበረዶ ሰሌዳ ሲንሸራተት ትከሻው ተጎድቶ 500 ሺህ ዶላር ተቀጣ። በዝውውር ጊዜ እስከ 15 በመቶ ጉርሻ የሚያስገኘው አንቀጽ ደግሞ በዚህ ዘመን ጠቃሚነቱ እየቀነሰ መጥቷል፤ አንተኒ ዴቪስ በዶንቺች ምትክ ወደ ዳላስ ሲዛወር 6 ሚሊዮን የሚጠጋውን ጉርሻውን የተወው የዳላስ ሂሳብ ከተፈቀደለት የወጪ መስመር እንዳያልፍ ነው።

ሁለተኛውን አፕሮን ያለፈ ክለብ የሚደርስበትን ማወቅ ለዚህ ሁሉ መልስ ይሰጣል። መስመሩ በ2025-26 207.8 ሚሊዮን ዶላር ነው። ካለፈው በኋላ የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ትልቅ ተጫዋች ማምጣት አይችልም። በዝውውር ገንዘብ መስጠት አይችልም። ጣሪያውን ላለፉ ክለቦች የሚፈቀደው መካከለኛ ውል ይቀርበታል። ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ዙር ምርጫው ይታገድበታል፤ ከመስመሩ በላይ ከቆየም ያ ምርጫ ወደ ዙሩ መጨረሻ ይወርዳል። ገንዘብ ያለው ባለቤት ግብሩን ሊከፍል ይችላል፤ እነዚህን ግን በገንዘብ አይገዛቸውም።

ፊኒክስ ከሌሎች ክለቦች የሰበሰባቸውን ኮከቦች ይዞ ይህ ቢደርስበት አይከፋኝም፤ ደንቡ የተሠራው ለዚያ ነው። ሴልቲክስ ግን ጄይለን ብራውንን በ2016፣ ቴተምን በ2017 ራሱ መርጦ አሳደጋቸው። በደንቡ መሠረት የሚገባቸውን፣ ለብራውን 304 ሚሊዮን፣ ለቴተም 314 ሚሊዮን፣ ሰጠ። ሁለቱ ብቻ ከጣሪያው 70 በመቶ ገደማ ያዙ። ሊጉ በአንድ እጁ ያሳደግከውን ልጅ ለማቆየት 35 በመቶ ክፈለው ይላል፤ በሌላው እጁ ይህን በመክፈሉ ይቀጣዋል። የገዛውንና ያሳደገውን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ደንብ ፍትሐዊ ነው ብዬ መቀበል አልችልም። ጉዳቱ በሀብታም ክለቦችም አያቆምም፤ ክለቦች ለሁለት ኮከቦች ከፍለው ለቀሩት ዝቅተኛውን ሲያቀርቡ በመካከል ያለው፣ በዓመት 10 እና 15 ሚሊዮን ያገኝ የነበረው ልምድ ያለው ተጫዋች ነው የሚገፋው።

ከመረጠው ክለብ ጋር ለዓመታት የቆየ ተጫዋች ደመወዝ በከፊል ከሁለተኛው መስመር ስሌት ውጭ ቢሆን ይህ ሁሉ ይቃለል ነበር። ተጫዋቹ ሙሉ ክፍያውን ያገኛል፤ ክለቡ ግብሩን ይከፍላል፤ የእጅ እሥሩ ግን ይነሳለታል።

ይህን ከሁሉ በፊት የምትፈልገው ትንሿ ኦክላሆማ ሲቲ ናት። በ2012 ለፍጻሜ ከደረሰች ከጥቂት ወራት በኋላ በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ልዩነትና በመጪው ግብር ፍራቻ ጄምስ ሃርደንን ለሂዩስተን አሳልፋ ሰጥታለች። በ2025 ዋንጫውን ያነሳው ቡድኗ በርካሽ የጀማሪ ውሎች የተገነባ ነበር። በዚያው ክረምት በ2022 የተመረጡት ቼት ሆልምግሬን እስከ 250 ሚሊዮን፣ ጄለን ዊሊያምስ እስከ 287 ሚሊዮን ዶላር የሚደርሱ የአምስት ዓመት ማራዘሚያዎች ፈረሙ፤ ሥራ ላይ የሚውሉት ከ2026-27 ጀምሮ ነው። የሻይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር የአራት ዓመት የ285 ሚሊዮን ውል በ2027-28 ይጀምራል። የጋራ ስምምነቱ ዘመን የሚያበቃው በ2029-30 ሲሆን ሊጉና ማህበሩ ከፈለጉ ከ2028-29 በኋላ ሊያቋርጡት ይችላሉ። ሁለቱ ወገኖች ቀድመው ካላሻሻሉት በቀር ሦስቱ ውሎች በአንድ ደብተር ላይ ቢያንስ ለሁለት የውድድር ዘመን የሚቀመጡት አሁን ባለው ደንብ ነው።